ለሙዝ ግንድ የተወሰደው ጋቢ

በሕይወቴ እንደዚያ እሑድ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የማወራችሁን ስትሰሙ ደስታውን የረሳሁት እንዳይመስላችሁ ነው። አልረሳሁትም። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኬአለሁ። አንድ እግር ጫማዬን ጥያለሁ። አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ባለሱቅ ሴትዮ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ስሜያታለሁ፤ እሷም መልሳ ስማኛለች።

አስቴር እባላለሁ፤ ቤት ውስጥ አስቱ ነው የሚሉኝ። ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ባለፈው ወር የአማርኛ አስተማሪያችን የማንረሳውን ገጠመኝ ጻፉ አሉንና የእኔን ወረቀት ለሁለት ክፍል ተማሪ አነበቡት። አጎቴ አባያ ሐይቅ ዳር ከአዞ ያመለጠበትን ነበር የጻፍኩት። ልጆቹ አጨበጨቡ። አስተማሪያችንም "ይቺ ልጅ ብዕር አላት" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ስሄድ እንኳ ቃላት እያሰካካሁ ነው የምሄደው፤ ደስ ይለኛል፣ አላፍርበትም። ግን ያን ዕለት እየተጨበጨበልኝ ሳለ አንድ ነገር ከነከነኝ። የማልረሳው የአዞው ነገር አልነበረም። አጎቴ አዞውን ራሱ ረስቶታል።

እውነተኛው ይኸው።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ያህል ነበር የቀረው፤ እኛ ግን በምን እንወቅ? እኛ የምናውቀው ግዳጅን ነው። ለየቀበሌው ይህን ያህል ወጣት አምጡ የሚባል ኮታ ይመጣል፤ ኮታው ሲመጣ ወንድ ልጅ ከከተማ ይጠፋል። አንዱ ዶርዜ ዘመድ ጋ ይወጣል፣ አንዱ ጣሪያ ሥር ይከርማል። ወንድሜ ታምራት ደግሞ ኩልፎ ወንዝ ዳር በአጎታችን የሙዝ እርሻ ውስጥ ነበር የተደበቀው። ሃያ ዓመቱ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም፤ ስለዚህ ስሙ ከዝርዝሩ አናት ላይ ነው ተብለናል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናታችን አዮ በትንሽ ሰፌድ ኩርኩፋ ታደርግልኛለች፣ ሀለኮ ከምንለው የሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለውን የበቆሎ ድብልብል። ከላዩ በሣር እሸፍነውና ለፍየል ሣር የማጭድ መስዬ እሄዳለሁ።

አሁን ስለ ኳሱ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። አርባ ምንጭ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ነች። ታች ያለው ሲቀላ ነው፤ ገበያው፣ ሙቀቱ፣ ሸማኔው፣ እኛ። ላይ ያለው ሴቻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ፣ ነፋሻው፣ እነሱ። በመካከላችን አንድ አቀበት መንገድ አለ። ሴቻዎች እኛን "ትኋኖች" ይሉናል፤ እኛ እነሱን "ፋይሎች" እንላቸዋለን። በዓመት አንድ ጊዜ ቡድኖቻችን ሲጫወቱ ባልና ሚስት ይኳረፋል።

ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን መቅበር አለበት። አዎ፣ መቅበር። የሙዝ ግንድ ተቆርጦ በጋቢ ይገነዛል፣ ቃሬዛ ላይ ይጋደማል፣ አራት ሰው ተሸክሞት እየተለቀሰ እየተጨፈረ እስከ ተሸናፊው ሰፈር ይኬዳል። በየደጁ ለቆመው ሰው "እግዜር ያጥናችሁ!" ይባላል። ተሸናፊው ውኃ ይረጫል፣ ይሳደባል፣ መጨረሻ ላይ እሱም ይስቃል። ካልተቀበረ ግን ማሸነፍህ አይቆጠርም። እኔ ጨዋታውን ማየት ከጀመርኩ ወዲህ የምንቀበረው እኛ ነበርን፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ።

ያን ዓመት ጨዋታው ሊካሄድ ሳምንት ሲቀረው የሰፈራችን ቀበሌ ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ተነስቶ ቃል ሰጠ። ኳስ የሚወድ ሰው ነበር። "የጨዋታው ዕለት አንድም ልጅ አይነካም፣ ያለ ስጋት ውጡና ተጫወቱ" አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ወዲያውም ወንድሜን፣ ታሜን አሰብኩ። ግራ እግሩ! በሲቀላ እንደ ታሜ ግራ እግር ያለው ሰው አልነበረም።

ነገርኩት። እምቢ አለ። በማግስቱ ነገርኩት፣ እምቢ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ጻፍኩለት። በየቀኑ እያየሁት ደብዳቤ መጻፌ ያስቃል፤ ግን በአፍ ያላሸነፍኩትን በጽሑፍ አሸንፈዋለሁ አልኩ። እስከ ዛሬ ቃል በቃል እችለዋለሁ፦

"ይድረስ ለውድ ወንድሜ ታምራት፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከአንተ ሐሳብ በቀር ደህና ነኝ። ወንድሜ ሆይ፣ ሙዝ መካከል ተደብቀህ ሙዝ ልትሆን ነው? ሦስት ዓመት ሙሉ ሲቀብሩን አለቀስን። አሁን ሊቀመንበሩ በሕዝብ ፊት ቃሉን ሰጥቷል። አንተ ከሌለህ ዘንድሮም ቃሬዛው ወደ እኛ ይወርዳል። እግርህ የአንተ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ነው። አንድ ቀን ብቻ አበድረን። እህትህ አስቴር።"

ከኩርኩፋው ሥር አድርጌ ሰጠሁት። ሙዝ ግንድ ተደግፎ አነበበው። ሳቀ። እንደገና አነበበው፤ ሁለተኛውን ጊዜ አልሳቀም።

"አንቺ ልጅ፣ ይህን ከማን ነው የቀዳሽው?"

"ከማን እቀዳለሁ? የራሴ ነው!"

"እግርህ የሰፈሩ ነው።" ራሱን ነቀነቀ። "ሊቀመንበሩ የምሩን ነው?"

"በሕዝብ ፊት እኮ ነው! የጨዋታው ዕለት ማንም አይነካም ብሏል።"

"የት ነው የማይነካው?"

"እንዴት የት?"

"ሜዳው ላይ ነው? ሲቀላ ውስጥ ነው? ወይስ..."

"አቦ ታሜ! ፈራሁ አትለኝም?"

ያቺ ቃል ናት። ፈራሁ አትለኝም። ደብዳቤዬን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተውና "ለአዮ እንዳትነግሪያት፤ ሜዳ ላይ ትየኝ" አለ።

ጨዋታው ሲቀላ ሜዳ ላይ ነበር። የሴቻ በረኛ ማርቆስ ይባላል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ አካፋ የሚያህል። የያኔውን ማርቆስ እንዴት እጠላው እንደነበር! ከእረፍት በፊት ፍጹም ቅጣት ምት አወጣብን። ከእረፍት በኋላ የታሜን ኳስ ከማዕዘን ላይ ተወርውሮ ገፋት። እኛ ሴቶቹ ከጎሉ ኋላ ሆነን "ማርቆስ በሩን ክፈት፣ እንግዳ ደጅ ቆሟል!" እያልን ስንጮህበት ዞር ብሎም አላየን። ሊያልቅ ሲል ኳሷ ከግራ በኩል መጣች። ታሜ በደረቱ አበረዳት፣ አንዱን ሸውዶ አለፈው፣ ከዚያ በግራ። ማርቆስ በተቃራኒ ወድቆ ነበር። መረብ የለም፤ ኳሷ አልፋ እኛ መካከል ገባች፣ ሆዴ ላይ አረፈች። የታሜን ጎል የያዝኩት እኔ ነኝ! ጫማዬን የጣልኩት ያኔ ነው።

ፊሽካው ሲነፋ አዮን አየኋት። ከሕዝቡ ዳር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ልጇ ሜዳ ላይ መሆኑን ሰው ነግሯት እየሮጠች መጥታ ነው። ታሜ ሄዶ አቀፋት።

"ማን ውጣ ብሎህ ነው የወጣኸው?" አለችው። እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

ታሜ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየኝ።

"እግሬ ነው አዮ። አላስቀምጥ አለኝ።"

ከዚያ ሰው ሁሉ "ቀብር! ቀብር!" እያለ ግንድ ፍለጋ ተሯሯጠ። ጋቢ ጠፋ። እኔ ወደ ቤት በረርኩ። አባዬ ከዶርዜ ወርዶ ሲቀላ የተቀመጠ ሸማኔ ነው። ለራሱ የሠራው፣ "ይህን በእርጅናዬ ነው የምለብሰው" ብሎ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው ጋቢ ነበር። አባዬ ራሱ ለሰንበት እንኳ አውጥቶት አያውቅም። አወጣሁት። አባዬ ከሸማ እቃው ላይ ሆኖ "ማነው?" አለ፤ "እኔ ነኝ!" አልኩና ወጣሁ።

ስመለስ ታሜ ሱሪውን ከማልያው በላይ እየታጠቀ ነበር። "እኔ በቃኝ አስቱ፤ ሳይመሽ ወደ ሙዜ ልመለስ።" ያን ጊዜ ማርቆስ ወደ እኛ መጣ። ጉልበቱ ተልጦ ይደማል። ታሜን ጨበጠውና ዝቅ ባለ ድምፅ፦

"ጎሏ ጥሩ ነበረች። ዛሬ ግን ወደ ላይ አትውጡ።"

"ለምን?" አለ ታሜ።

ማርቆስ ግራና ቀኝ አየ። ሰው ከቦናል። "ዛሬስ ይቅርባችሁ። ደግ አይደለም።"

"ደግ ያልሆነውማ መሸነፍ ነው!" አልኩ እኔ ጮክ ብዬ፤ የቆመው ሁሉ ፈነዳ። ማርቆስ አንዴ አየኝና ሄደ።

ታሜ አሁንም አመነታ። ክንዱን ይዤ "ሟቿን ሳትቀብር ነው የምትሄደው? የገደልካት አንተ!" አልኩት። ልጆቹ ተቀበሉኝ። ሳቀና የቃሬዛውን የፊት እጀታ ትከሻው ላይ አደረገ።

ልቅሶውን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። መንገድ ላይ፣ እየሄድኩ፣ ከራሴ እያወጣሁ፦

"ሴቻ ሞተች አሉ፣ ማን ይቀብራታል፣
ታምራት በግራ እግር አፈር አልብሷታል።"

ሕዝቡ ይቀበለኛል።

"ሳጥን የለም ብለን በሙዝ ግንድ ከፈንን፣
የሴቻ ሰዎች ሆይ፣ እግዜር ያጥናችሁ'ን!"

ቤት አልመታልኝም፤ ማን ግድ አለው! ትልልቅ ሰዎች እኔን እየጠበቁ ይቀበሉ ነበር። በዚያ አቀበት ላይ በአንዴ ጎበዝ ገጣሚ ሆንኩ። እየጠለቀች ያለችው ፀሐይ ቀልታ ነበር፣ ከኋላችን አባያ እንደ ሸክላ ቀልቶ ይታያል። እኔ ከቃሬዛው ፊት ፊት ወደኋላ እየተራመድኩ ነው የምመራው። ስለዚህ የታሜን ፊት ነበር የማየው። በላብ ወዝቶ ይስቃል።

የሴቻ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ጋ ስንደርስ ሰው ደጅ አልወጣም። ውኃ የሚረጭ የለም። የሚሳደብም የለም። አንዲት ሴትዮ መስኮት ከፍታ አየችን፣ በእጇ "ተመለሱ" የምትል ትመስላለች፤ ዘጋችው። አፍረው ነው አልን። የበለጠ ጮኽን።

ፊሽካ ተነፋ። ከቀበሌው አጥር ኋላ የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ወጡ፤ ከላይም ከታችም።

"ቁም! ሴት በዚያ፣ ወንድ በዚህ!"

እጁ ባዶ የነበረ ሁሉ ሮጠ። አጥር የዘለለ አለ፣ ገደሉን የተንሸራተተ አለ። ታሜ ከሁሉም ፈጣን ነበር፤ እሱ ቢሮጥ ማንም አይደርስበትም። ትከሻው ላይ ግን ቃሬዛ አለ።

እዚህ ላይ ቀስ ልበል፤ ብዙ ጊዜ ያሰብኩት ይህቺን ነው። በእኛ ዘንድ ሬሳ አይጣልም። ወንድ ልጅ ትከሻው ከጠነከረ ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ይሸከማል፤ ቃሬዛ ሲወርድ አራቱም ተያይተው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ቀስ አድርገው ነው የሚያወርዱት። ታሜ ግንድ መሆኑን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን እጁ አላወቀም። ጥበቃዎቹ እየሮጡ ሲመጡ አየሁት፤ ወደ ጓደኞቹ ዞረ፣ ጉልበታቸውን አጠፉ፣ አራቱም አንድ ላይ ቀስ አድርገው መሬት ላይ አኖሩት። ከዚያ ቀና ሲል ጠመንጃው ደረቱ ላይ ነበር።

"እኛ ከሲቀላ ነን! የእኛ ሊቀመንበር ፈቅዶልናል!" ብዬ ጮኽኩ።

አንደኛው ጥበቃ ሳቀ። "የእናንተ ሊቀመንበር እዚያ ታች ነው። ይህ ሌላ ቀበሌ ነው፣ እህቴ።"

የት ነው የማይነካው ብሎ ጠይቆኝ ነበር እኮ።

ዘጠኝ ልጆች ወሰዱ። አራቱም ቃሬዛ ተሸካሚዎች ነበሩበት። ኮታቸው ጎድሎ ኖሯል፤ የራሳቸውን ልጆች ከማፈስ የሌላ ሰፈር ልጅ ራሱ እየዘፈነ መጣላቸው። መንገዱ ላይ የቀረነው ሴቶቹና ግንዱ ብቻ ነበርን። ጋቢውን ከግንዱ ላይ ገለጥኩ። የሙዙ ውኃ ነክቶት ቡናማ ሆኗል፤ ያ እድፍ በምንም አይለቅም። ይዤው ወረድኩ።

ቤት ስገባ አባዬ ጋቢውን አየ፣ እኔን አየ። ያ ሌሊት እንዴት እንዳለፈ አልጽፍም።

ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከፊት የሚመሩት ጎረቤታችን ጋሽ ጮራሞ ነበሩ፤ ከኩልፎ ዳር ያጨዱት ሣር በእጃቸው ነው፣ ጤዛው ገና አልረገፈም። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በጋሞ እርጥብ ሣር ይዞ በተንበረከከ ሽማግሌ ላይ አይታለፍም። ጦር የተማዘዘ ጦሩን ይጥላል። የምትለምነው ሰው ሣሩን ካየ በቃ፣ ቆመ ማለት ነው። የሴቻው ቀበሌ ሊቀመንበር ደግሞ የእኛው የጋሞ ሰው ነው። ስለዚህ ያንን አቀበት ስንወጣ ተስፋ ነበረን። አዮ እንኳ በልቧ እየዘመረች ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

የቀበሌው ቅጥር ውስጥ አንድ ኡራል የጦር መኪና ቆሟል። ልጆቹ ላዩ ላይ ናቸው። ታሜ ማልያውን እንደለበሰ ነው፤ ጀርባው ላይ አዮ የሰፋችው ሰባት ቁጥር አለ። በአጥሩ ቀዳዳ ሲያየን እጁን አነሳ።

"አስቱ! ሟቿን ቀበራችሁ?"

"አልቀበርንም" አልኩት።

"ቅበሯት እንጂ፣ ሰው ይስቅብናል!" ልጆቹ ሳቁ። አሁን ሳስበው ያን ቀልድ የቀለደው ለእኔ ነው፤ ፊቴን አይቶት ነው።

አባዬ ከቤት ይዤው የወጣሁትን ጋቢ ከእጄ ላይ ወሰደ። ወደ አጥሩ ተጠጋ። "ታምራት፣ በአራት አጥፈህ ልበሰው፤ ብርድ አገር ነው የሚወስዷችሁ" ብሎ ወረወረለት። የእርጅና ጋቢውን። ታሜ በአየር ላይ ቀለበው።

ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ተንበረከኩ። ሣሩን ከፍ አደረጉ። ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ ከቢሮው በረንዳ ላይ ብቅ አለ። በሩ ላይ ሰው መንበርከኩን በዓይኑ ጠርዝ ሳያይ አልቀረም፤ ምክንያቱም አንገቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እየተደናበረ፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ፣ እንደ ዕውር ተመልሶ ገባ። ሣሩን ላለማየት ነው። ካላየ አልጣሰም።

"ጌታው! ወዲህ ይበሉ! አንድ ጊዜ ብቻ ይዩን!" አሉ ጋሽ ጮራሞ።

ኡራሉ ላይ የቆመው ወታደር የሌላ አገር ልጅ ነው፤ ክፋትም የለበትም። "አባባ፣ ሣሩን ለከብቶቹ ይስጡና ከመንገድ ይነሱ፣ መኪና እንዳይነካዎት" አለ። ከውስጥ አንድ ሰው ሮጦ መጥቶ ለሹፌሩ በጆሮው ነገረው። ኡራሉ በሽማግሌዎቹ ላይ አልሄደም። ወደኋላ ተመለሰና በጓሮ በር በኩል ወጣ። እኛ ዞረን ስንደርስ አቧራው ብቻ ነበር። አዮ አቧራው ውስጥ ገብታ በጋሞኛ ልጄን፣ ልጄን እያለች ሮጠች፤ ነጠላዋ ወደቀ። ጋሽ ጮራሞ በሩ ላይ እንደተንበረከኩ ቀሩ። ሣሩን የት እንደሚያኖሩት የጠፋቸው ይመስለኛል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የእኛ ሊቀመንበር በበኩሉ ከሴቻ ለገበያ የወረዱ ልጆችን አፈሰ። ማርቆስ አንዱ ነበር። ስሰማ ደስ አለኝ። አልዋሻችሁም፤ ደስ አለኝ። ይበላችሁ አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን የሲቀላና የሴቻ ጨዋታ አልነበረም። ከላይም ከታችም አሥራ አንድ ሰው የሚሞላ አልተገኘም።

ከታሜ አንድም ደብዳቤ አልመጣም። እኔም እርሳስ መያዝ ጠላሁ። ለፈተና ካልሆነ በቀር አንድ መስመር አልጻፍኩም። አንድ ጊዜ ጽፌ ሰው አምኖኝ ወጥቶ ነበርና።

ደርግ በወደቀ በክረምቱ ወታደሮቹ በእግራቸው መመለስ ጀመሩ። አዮ በየቀኑ መንገድ ዳር ትቀመጥ ነበር። አንድ ከሰዓት ዝናብ ሲያባራ አንድ ረጅም ሰው በራችን ላይ ቆመ። ከስቷል፣ እግሩ ባዶ ነው፣ ትከሻው ላይ የቆሸሸ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጓል። ያወቅሁት በእጆቹ ነው።

አባዬ ከሸማ እቃው ተነሳ። ሰላምም አላለውም። ጨርቁን ጫፉን ይዞ በጣቶቹ ዳሰሰው። ጋቢ አንድ ወጥ ጨርቅ አይደለም፤ ሁለት ቁራጭ ተሠርቶ መሃሉ በእጅ ይሰፋል። ያ ጨርቅ ግማሽ ነበር። ጠርዙ ላይ የተፈታ ክር አለ፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ቡናማ እድፍ።

"ግማሹስ?" አለ አባዬ።

ማርቆስ መሬት መሬት አየ። "ግማሹን እሱ ለብሶት ነው የተኛው፣ አባባ።"

አዮ ቁጭ አለች።

"ቀብራችሁታል?" አለ አባዬ።

"በእጃችን ቆፍረን። ሌላ ልብስ አልነበረም። ስፌቱን በጥርሴ ፈታሁት፣ በአንዱ ገነዝነው፤ አንዱን ለቤት ላድርስ ብዬ ያዝኩት።" ቀጥሎም፦ "ማሰልጠኛ ስንገናኝ መጀመሪያ አልተነጋገርንም። የሴቻና የሲቀላ ነገር። ሁለተኛው ቀን ብርድ መጣ፤ 'ና፣ ሰፊ ነው' አለኝ። ከዚያ አንድ ላይ ነበርን።"

እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር። "ኪሱ ውስጥ ምን ነበረው?"

"አንዲት ወረቀት ነበረች፣ በላብ ተጣብቃለች። አልገለጥናትም። አብራ ተቀበረች።"

ልቅሶው ላይ ሴቻዎች ወረዱ። ያንን አቀበት ያን ያህል ሰው ሲወርድበት አይቼ አላውቅም። ማልያው እንኳ የለንም፤ አዮ ከአሮጌው ጥንድ ቤት የቀረችውን አንድ ታኬታ መሃል ላይ አድርጋ ነው ያለቀሰችው፣ የግራውን። ያቺ በመስኮት ተመለሱ ያለችን ሴትዮ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝና "እግዜር ያጥናችሁ" አለችኝ። ይህን ቃል ለእሷ በዜማ ብዬላት ነበር።

አባዬ ከሳምንት በኋላ ሥራ ጀመረ። የጎደለውን ግማሽ ሠራው። አዲሱ ነጭ፣ አሮጌው የነተበ ነው፤ መሃሉን እኔ ሰፋሁት። ሲያልቅ እኛ ጋ የሚቀር መስሎኝ ነበር። አባዬ አጥፎ ለማርቆስ ሰጠው። "ብርድ እኮ አልለቀቀህም" አለው። ማርቆስ አሁን በየእሑዱ ይመጣል፤ አዮ ኩርኩፋ ታቀርብለታለች፣ በልቶ ይሄዳል፣ ብዙ አያወራም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ከእኔና ከአንዲት የበሰበሰች ወረቀት በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አሁን እናንተ አወቃችሁ። አዮ ዛሬም "እግሩ ነው ያወጣው" ትላለች። ዝም ብል እንዲሁ ይቀራል፤ ታሜ እንዲሁ እንዲቀር ነበር የፈለገው። ግን አስተማሪያችን ብዕር አላት ካሉኝ ወዲህ ማታለል የሆነብኝ ይህ ነው። ብዕሬ መጀመሪያ የሠራችውን ሥራ ደብቄ ስለ አዞ በመጻፌ ተጨበጨበልኝ። መጻፍ እወዳለሁ። አሁንም ይህን ስጽፍ ደስ ያለኝ ቦታ አለ፤ ጎሉን ስጽፍ ደስ ብሎኛል፣ ልደብቃችሁ አልችልም። ብቻ አሁን አንድ ነገር ጽፌ ለሰው ከመስጠቴ በፊት የታሜን ጥያቄ ራሴን እጠይቃለሁ፦ የት ነው የማይነካው?

አባዬ ማንበብ አይችልም። እሑድ ከጸሎት ስንመለስ እቃው አጠገብ ተቀምጬ ይህን ሁሉ አነብለታለሁ፤ አዮም ትሰማለች፤ ማርቆስም ይኖራል። አባዬ የሰውን ወሬ የሚያዳምጠው መወርወሪያውን ሳያቆም ነው። ደብዳቤው ጋ ስደርስ ግን መወርወሪያው የሚቆም ይመስለኛል። ቢቆምም ቀና አልልም። እስከ መጨረሻው መስመር አነባለሁ።